ጨው የሚችል ሩዝ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲያስቸግር

ሆለታ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ አታገኙም። ሩዙ ፎገራ ነው። ጨው የበላው መሬት ደግሞ አዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራ አካባቢ። እኛ ግን እዚህ ብርድ ላይ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ጠርሙስ ደርድረን የሩዝ ሴል እያሳደግን ጨው የሚችል ሩዝ እንፈልጋለን። ከሚያጋጥመን ጣጣ ግማሹ ከጨው ጋር አይገናኝም።

ሚዲያው (ሴሉ የሚያድግበት ምግብ) በሦስተኛው ቀን ሻገተ

እጃችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት አውቶክሌቩን፣ ሚዲያውን በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የሚያጸዳውን ማሽን፣ እዩት። መመሪያው «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ይላል፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ይህ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። እዚህ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ንፍሮ የሚያስቸግረንም ለዚሁ ነው። ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ገና 116 ወይም 117 ነው። 121 ለመድረስ 19 ፒኤስአይ አካባቢ ያስፈልጋል። ማሽኑ ለዚያ ካልተሠራ በግድ አትጫኑት፤ ከ15 ደቂቃ ወደ 40 አርዝሙት። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ወር ሙሉ ጓንት ስቀያይር ከርሜያለሁ።

ጨረር ያገኘው ዘር አልበቀለም

ዘሩን በጋማ ጨረር የምንመታው ዘረመሉ እንዲቀየር ነው፤ እዚህ ግን ጨረሩ በዝቶበታል። ለደረቅ የሩዝ ዘር ከ200 እስከ 300 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) የተለመደ ነው። ካለስ (ጠርሙስ ውስጥ የሚያድገው፣ ገና ሥርና ቅጠል ያላወጣ የሴል ክምር) ግን እርጥብ ስለሆነ ያንን አይችልም፤ ጥቂት አሥር ግሬይ ይበቃዋል። አስቀድማችሁ ጥቂት ዘር በተለያየ መጠን ሞክሩና ግማሹን የሚገድለውን ለዩ።

ካለሱ ቡናማ ሆነ

ጨው ባንዴ ተጭኖበታል፣ ወይም አርጅቷል። ወደ 100 ሚሊሞላር (የጨው ክምችት መለኪያ፤ በሊትር 5.8 ግራም ገደማ) ከመዝለል በ50 ጀምሩ። በየሁለት ሳምንቱ ክሬም የመሰለውን ጠጣር ቁራጭ ብቻ ወደ አዲስ ሚዲያ አዛውሩ። ነጭ ቡቃያ ካወጣላችሁ ክሎሮፊል (አረንጓዴው ቀለም) የለውም፤ ሳትሳሱ ጣሉት።

ካለሱ ጨው ላይ ቆመ፣ ተክሉ ግን ሞተ

የሚያበሽቀው ይሄ ነው። ስድስት ወር ለፍታችሁ አፈር ላይ ስታወጡት ይጠወልጋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሴሉ ጨዉን ለምዶት እንጂ ዘረመሉ ተቀይሮ ላይሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ዙር ያለ ጨው አሳድጉትና ወደ ጨው መልሱት፤ ልማድ ብቻ ከነበረ አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ይጋለጣል። ሁለተኛ፣ ካለስ ሥር የለውም። ሩዝ ጨው የሚቋቋመው በአብዛኛው ሶዲየሙን ከሥር መልሶ፣ ቅጠሉን ጠብቆ ነው። ይህን ጠርሙስ ውስጥ አታዩትም። ስለዚህ ዘር ሰብስቡና የቀጣዩን ትውልድ ችግኝ ጨው ውሃ ላይ ፈትኑ። ለማወዳደር ጎኑ ጨው የሚችለውን የሩዝ ዝርያ ፖካሊንና የማይችለውን አይአር 29ን አስቀምጡ።

አበበ፣ ዛላው ግን ባዶ ነው

ሩዝ በአበባው ሰሞን ጨው ይጎዳዋል፤ እውነት ነው። ግን ብርድም እንዲሁ ያደርገዋል፣ የኛ ሌሊት ደግሞ ይታወቃል። ጨው ያልነካው ማሰሮ ጎኑ አስቀምጡ። አንድ ጊዜ እኛ ጋ የሱም ዛላ ባዶውን ወጣ። ለካ የግሪንሃውሱ ማሞቂያ ሌሊት ሌሊት ይጠፋ ነበር።