ጠንካራ የቼዝ ኢንጂን በቤት ኮምፒውተር እንዴት ይሰራል?

እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ያሸነፈው የአይቢኤም ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል የቦርድ አቀማመጥ የሚያይ ልዩ ማሽን ነበር። ዛሬ ተራ ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ስቶክፊሽ የተባለ ነፃ የቼዝ ኢንጂን (ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም) ያስንቀዋል። በ2017 ብቅ ያለው የጉግል ዲፕማይንድ አልፋዜሮ ደግሞ ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተማረ። የሱ መንገድ ግን ለቤት አይሆንም፤ ከባድ ማሽን ይጠይቃል። የኔ ምርጫ ኤንኤንዩኢ ነው። ዩ ናሱ በ2018 ጃፓን ውስጥ ለሾጊ (የጃፓን ቼዝ) የሰራው፣ አቀማመጥን የሚመዝን ትንሽ ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) ሲሆን፣ ስቶክፊሽ በ2020 ወስዶታል። ተራ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር (ሲፒዩ) ይበቃዋል።

መጀመሪያ ህጋዊ እርምጃዎችን የሚያወጣውን ክፍል ፃፉ። በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በረስት ይሁን፤ ፓይተን እዚህ ይንቀራፈፋል። ከዚያ ስንት የእርምጃ ቅደም ተከተል እንዳለ አስቆጥሩት፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች ተራ እንደ አንድ እርምጃ ይቆጠራል። ከመነሻው አቀማመጥ በ1 እርምጃ 20፣ በ2 400፣ በ3 8,902፣ በ4 197,281 መምጣት አለበት። በ1 እንኳ ከተዛነፈ አትለፉ። ልክ ቢመጣም አትዘናጉ፦ እስከ 4 እርምጃ ድረስ ካስሊንግ (ንጉሥና ግንብ በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበት) አይደረስበትም። ስለዚህ ካስሊንግ የሚቻልበትን ሌላ አቀማመጥም አስቆጥሩ።

ቀጥሎ የአልፋ ቤታ ፍለጋ ነው፤ ወደፊት የሚመጡ እርምጃዎችን ሲፈትሽ ውጤቱን የማይቀይሩትን ቆርጦ ይጥላል። አሮጌ ነው፣ ግን አልተተካም። መበላላት ያለባቸውን እርምጃዎች አስቀድማችሁ ካስፈተሻችሁ ፍጥነቱ ሌላ ይሆናል።

አሁን ኔትወርኩ። 12 ዓይነት ጠጠር በ64 ቤት ሲባዛ 768 ግብዓት ይሰጣል፤ ጠጠሩ ቤቱ ላይ ካለ 1፣ ከሌለ 0። 1 የሆኑት ግብዓቶች ክብደት (በስልጠና የተገኙ ቁጥሮች) ተደምሮ፣ ለምሳሌ፣ 256 ቁጥሮች ይሆናል። ሚስጥሩ ይህን ድምር በየእርምጃው ከባዶ አለመስራት ነው። ነጭ ፈረስ ከጂ1 ወደ ኤፍ3 ሲሄድ የተቀየሩት ግብዓቶች 2 ብቻ ናቸው። የጂ1ን ክብደት ቀንሱ፣ የኤፍ3ን ደምሩ፣ አለቀ። ሲበላ 3፣ በካስሊንግ 4 ይቀየራሉ።

ጣጣው እዚህ ነው። ከነዚህ ለውጦች አንዱ ቢረሳ ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ ስህተትም አያሳይም። ዝም ብሎ ደካማ ይጫወታል። መፍትሄው በሙከራ ጊዜ ከያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ድምሩን ከባዶ ሰርቶ ማመሳከር ነው። ሙሉ ቁጥር ከተጠቀማችሁ ሁለቱ ያለ አንዳች ልዩነት መግጠም አለባቸው።

ለኔትወርኩ ማሰልጠኛ የሚሆኑትን አቀማመጦች ኢንጂኑ ራሱ ተጫውቶ ያምጣ። ንጉሥ ኪሽ የተባለባቸውንና ምርጡ እርምጃ መብላት የሆነባቸውን አቀማመጦች ጣሏቸው። እነሱን መፍታት የፍለጋው ስራ ነው፤ ኔትወርኩ የረጋ ቦርድ ይመዝን።

በመጨረሻ አዲሱን የኢንጂኑን ቅጂ ከአሮጌው ጋር አጋጥሙ። በ20 ጨዋታ ድል አትጨፍሩ፤ ትንሽ ለውጥ የሚለየው በሺዎች ጨዋታ ነው። ጨዋታዎቹ ከተለያየ መክፈቻ ይጀምሩ፣ እያንዳንዱም መክፈቻ ቀለም ተቀያይሮ ሁለት ጊዜ ይደገም። አለዚያ ሁለቱ ኢንጂኖች ያንኑ ጨዋታ ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋግሙት ያድራሉ።