ሰሜን ተራሮች ላይ ያለ ጀነሬተር ማደር፦ የካምፕ መኪናን በባትሪና በኢንቨርተር

ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ሰንካበር ካምፕ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ በአንዴ ይመጣል፣ ጭላዳዎቹ ወደ ገደላቸው ይገባሉ፣ አገሩ ጭር ይላል። ከዚያ የአንዱ መኪና ጀነሬተር ይነሳል። ዱ ዱ ዱ ዱ፣ እስከ ማታ አራት ሰዓት። ያ መኪና ለሁለት ዓመት የኔ ነበር።

መኪናዬ አሮጌ ኮስተር ናት። ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ፣ ትንሽ ማዕድ ቤትና የውሃ ታንከር አስገባሁባት። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከጎንደር በዳባት አድርጌ ወደ ደባርቅ፣ አንዳንዴም ወደ ጎርጎራ እወስዳታለሁ። ለጥምቀት ደግሞ ጎንደር አልጋ ሲጠፋ እንግዳ አሳድርባታለሁ። ጀነሬተሩን የጣልኩት ለጩኸቱ ብቻ አይደለም። የቤንዚን ጀሪካን ይዞ መተኛት ያስፈራል። ጭሱ መስኮት ሥር ከተጠራቀመ ሰው ይገድላል።

ሌላም ነገር አለ። ሞተር አየር ይፈልጋል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እዚያው ፓርኩ ውስጥ ያለው ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። አስሉት፤ አንድ ሦስተኛው ጉልበት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። 2,000 ዋት ብላችሁ የገዛችሁት 1,300 ዋት ይሆናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚኑ ግን እንደዚያው ይጠጣል። ባትሪ ከፍታ አይገደውም። ብርድ ነው የሚጎዳው፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በቀን ስንት እንደምትጠቀሙ አስሉ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ትልቅ ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 ቮልት የሚቀይረውን ዕቃ) ይገዛል። ስሌቱ የሕፃን ነው፤ ዕቃው የሚፈልገውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት ማባዛት። ውጤቱ ዋት ሰዓት ይባላል።

የኔ መኪና ለአራት ሰው እንዲህ ናት። በ12 ቮልት የሚሠራው ትንሽ ፍሪጅ በቀን 400 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ባለ 5 ዋት ስድስት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ሲበሩ 150። አራት ስልክ 60። ላፕቶፕ ለሁለት ሰዓት 120። የውሃ ፓምፑ 30። ጠዋት ጁስ መፍጫው ለጥቂት ደቂቃ 40። ድምሩ 800 ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው አለና 1,000 በሉት። እኔ የምፈልገው ሁለት ሌሊት ያለ ፀሐይ መቆየት ስለሆነ 2,000 ዋት ሰዓት ያስፈልገኛል።

ምጣድን ለማስገባት የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ተዉት። የኤሌትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ይፈልጋል፤ አንድ ሰዓት ከጋገራችሁ የሁለት ቀን መብራት በላችሁ። እንጀራውን ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ወጥና ሻይ በጋዝ፣ ቡና ደግሞ በከሰል ይፈላል። ከሰሉ ግን ከመኪናው ውጪ። በብርድ ተገፍቶ ምድጃውን አስገብቶ በር የዘጋ ሰው ላይነቃ ይችላል፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም።

ባትሪው

ሁለት ምርጫ አላችሁ፤ የእርሳስ ባትሪ ወይም ሊቲየም። የሞተር ማስነሻ ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው፤ ደጋግማችሁ ካሟጠጣችሁት በወራት ውስጥ ይሞታል። ዲፕ ሳይክል የሚባለውን፣ ደጋግሞ ለመጠቀምና ለመሙላት የተሠራውን ጠይቁ።

የእርሳሱ ዲፕ ሳይክል ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ ለ2,000 ዋት ሰዓት የ4,000 መግዛት ሊኖርባችሁ ነው፤ ማለትም ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 200 አምፔር ሰዓት ሁለት ባትሪ (አምፔር ሰዓት በቮልት ሲባዛ ዋት ሰዓት ይሆናል)። ክብደታቸው ተደምሮ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን 80 በመቶውን በሰላም ይሰጣል። ባለ 200 አምፔር ሰዓት አንዱን ውሰዱ፤ 12.8 ቮልት በ200 ሲባዛ 2,560፣ 80 በመቶው 2,048። ልክ የኔን ሁለት ሌሊት። ክብደቱ 25 ኪሎ አይሞላም። ሲገዙት ኪስ ያማል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ሞክሬ ወደ ኋላ አልመለስም።

በእርሳስ ለምትጀምሩ አንድ ነገር። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይለቃል። አልጋ ሥር ዘግታችሁ አታስቀምጡት። ወደ ውጪ የሚተነፍስ ሳጥን ይኑረው።

ኢንቨርተሩ

ፑር ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ ቤት መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጠው ይሁን። ሞዲፋይድ የሚባለው ይረክሳል፤ ግን ሞተር ያለውን ዕቃ ያሞቃል፣ ቻርጀር ያስጮኻል። ጀርባው ላይ 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መሆኑን አንብቡ፤ ባለ 110 ቮልትም ገበያ ላይ ይገኛል።

ትልቁን አትሽቀዳደሙ። ሊቲየም ባትሪ ውስጡ የሚጠብቀው ሰርኪዩት አለው፤ ቢኤምኤስ ይሉታል። ብዙዎቹ ባለ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች 100 አምፔር ላይ ይቆርጣሉ። ይህ ወደ 1,280 ዋት ነው። 3,000 ዋት ኢንቨርተር ብትሰኩበት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ግማሽ እንኳ አታገኙም፤ የውሃ ማፍያ ሲሰካ ሁሉም ድርግም ይላል። የውሃ ማፍያው በአምስት ደቂቃ የሚፈጀው ኃይል ትንሽ ነው። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ጀሪካኑ ሙሉ ነው፣ አፉ ግን ጠባብ። ለኔ 1,000 ዋት በቅቶኛል።

ከሁሉ በላይ ግን በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራውን ሁሉ በ12 ቮልት አሠሩት። አምፖል፣ ፍሪጅ፣ ፓምፕ፣ የስልክ ቻርጀር። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ራሱ 15 ዋት ያህል ይበላል። ረስታችሁት ሌት ተቀን በርቶ ከቆየ 360 ዋት ሰዓት ሄደ፤ የፍሪጁን ያህል። እኔ ማብሪያ ማጥፊያውን በሩ አጠገብ አድርጌዋለሁ። ከመኪናው የወረደ ሰው ያጠፋዋል።

ሽቦውና ፊውዙ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። መኪና የሚያቃጥለው ይህ ነው።

መጀመሪያ የሠራልኝ ባለሙያ የቤት ኤሌትሪክ የሚዘረጋ ጎበዝ ሰው ነበር። ባትሪውን ኋላ፣ ኢንቨርተሩን ፊት አድርጎ በ10 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊሜትር፣ የሽቦው ውፍረት) ሽቦ አገናኛቸው። ለቤት ምጣድ የሚበቃ ሽቦ ነውና ለዚህም ይበቃል ብሎ። ደባርቅ ላይ አንዲት እንግዳ የፀጉር ፎን ሰካች። ኢንቨርተሩ «ባትሪ አለቀ» ብሎ ጮኸ፤ ባትሪው ግን ሙሉ ነበር። የፕላስቲክ ሽታ መጣ። ሽቦውን ብነካው እጄን ለበለበኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። 1,000 ዋት በ220 ቮልት 5 አምፔር እንኳ አይሞላም። በ12 ቮልት ግን የኢንቨርተሩ ብክነት ተጨምሮ 95 አምፔር ይሆናል። ያ ሽቦ ሦስት ሜትር ሄዶ ሦስት ሜትር ሲመለስ አንድ ቮልት ገደማ ይውጣል። ከ220 ላይ አንድ ቮልት ቢጠፋ ማንም ልብ አይለው። ከ12 ላይ ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ባትሪው ያለቀ ይመስለዋል። የጠፋው ደግሞ የትም አልሄደም፤ ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኗል።

ስለዚህ ኢንቨርተሩን ከባትሪው አንድ ሜትር ሳያልፍ አስቀምጡ። ለ1,000 ዋት 35 ስኩዌር የመዳብ ኬብል ተጠቀሙ። ለ2,000 ዋት 70 ስኩዌር ያስፈልጋል። ረጅሙን መንገድ 220ው ይሂድ፤ እሱ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል። የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገባው ተርሚናል በማሽን ይጨፍለቅ። በፒንሳ ጨምቆ በቴፕ መጠቅለል ሥራ አይደለም። መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ከደባርቅ በላይ ያለው ኮረኮንች የላላውን ሁሉ ይፈታዋል።

ፊውዙ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከ20 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ይታሰር። ለዚህ ኬብል 125 አምፔር ይሆናል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ዕቃውን አይደለም። ስለዚህ ባትሪው ጋ ካልሆነ በመሃል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። ክላስ ቲ የሚባለውን፣ በጣም ትልቅ ጅረትን በአስተማማኝ የሚቆርጠውን ፊውዝ ካገኛችሁ ለሊቲየም እሱ ይመረጣል። ለአምፖሉ፣ ለፍሪጁ፣ ለፓምፑ ለየብቻቸው ትናንሽ ፊውዝ ያለበት ሳጥን አድርጉ።

ስታስሩ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። መጀመሪያ ፖዘቲቩን፣ መጨረሻ ኔጋቲቩን። ኢንቨርተሩ መጀመሪያ ሲነካ ጠሽ ብሎ ትንሽ ብልጭታ ያወጣል፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሲሞሉ ነው፣ አትደንግጡ።

የ220ውን በኩል ለሚያውቅ ኤሌትሪሺያን ስጡት። ሰው ሲነዝረው በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር ይግባበት፤ ኒውትራሉና የመኪናው ቦዲም የኢንቨርተሩ መመሪያ በሚያዘው መንገድ ይታሰሩ። ያ ካልተደረገ ብሬከሩ ተሰቅሎ ላይሠራ ይችላል። ከግቢ መስመር የሚመጣው መብራትና የኢንቨርተሩ መውጫ ደግሞ በፍጹም አንድ ላይ እንዳይገናኙ ማዟዟሪያ ስዊች አድርጉ።

ከየት ይሞላል?

ከሦስት ቦታ። ከቤት፣ ከዲናሞና ከፀሐይ።

ቤት ቀላሉ ነው። መብራት ካለ፣ ባለ 30 አምፔር የሊቲየም ቻርጀር ከማታ እስከ ጠዋት ይሞላዋል። ከጉዞ ዋዜማ ማታ ላይ አትጀምሩት። መብራት የሚሄደው ያኔ ነው።

ዲናሞው ላይ ሊቲየሙን በቀጥታ አትሰኩ። ሊቲየም ሲራብ የሰጡትን ሁሉ ይውጣል፤ ዲናሞው ይግላል፣ ይቃጠላል። በመሃል ከዲናሞው የሚወሰደውን የሚገድብ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ይገባል። ባለ 30 አምፔሩ ከጎንደር ደባርቅ ባለው 100 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት ብትነዱ፣ 60 አምፔር ሰዓት ያህል ያስገባል። የባትሪውን ሩብ ያልፋል። ሞተሩ ሲጠፋም ይቆርጣል፤ ጠዋት ማስነሻው ባትሪ ባዶ ሆኖ የፓርኩን ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹን፣ «ግፉልኝ» ከማለት ያድናችኋል።

ሶላሩ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ጎንደር ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው የምትርቀው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ፓነሉን ጣሪያው ላይ ለጥ አድርጋችሁ ብታስሩት የሚቀርባችሁ ትንሽ ነው። ሥሩ አየር እንዲገባ ግን ጥቂት ጣት ከፍ ይበል። 400 ዋት ፓነል ከኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (ከፓነሉ የሚገኘውን ከፍተኛ ኃይል አውጥቶ ባትሪውን በልኩ ከሚሞላው ዕቃ) ጋር በበጋ ቀን 1,500 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጠኛል፤ ከምበላው በላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ያኔ በዲናሞው ነው የምኖረው።

ኮንትሮለሩን መጀመሪያ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከፓነሉ አገናኙ። ሲፈታ በተቃራኒው። ጥላ ተጠንቀቁ። ዛፍ ሥር ማቆም ደስ ይላል፤ ግን አንድ ቅርንጫፍ የፓነሉን ጥግ ቢጋርደው ጉዳቱ ከጥጉ በጣም ይበልጣል። አቧራውንም በየማታው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ግቢ ውስጥ እደሩ

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ግቢያችሁ ውስጥ መኪናው ውስጥ እደሩ። ሁሉንም አብሩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ኢንቨርተሩን አጥፉና ተርሚናሎቹንና ፊውዙን በእጅ ዳስሱ። ለብ ያለ ምንም አይደለም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ እዚያ ጋ የላላ ወይም የቀጠነ ነገር አለ። ባትሪው ላይ ሻንት ያለው፣ ማለትም የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ግጠሙ። ቮልት ብቻ የሚያሳየው ለሊቲየም አይረባም፤ እስኪያልቅ ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ይቆይና በመጨረሻ ገደል ይገባል።

አሁን ወደ ብርዱ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ መሞላት የለበትም፤ ውስጡ ለዘለቄታው ይበላሻል። መስጠት ግን ይችላል። ጥሩ ቢኤምኤስ ራሱ ቻርጁን ይከለክላል፤ ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ባትሪውን ከመኪናው ሥር ሳይሆን ውስጥ፣ ሰው የሚተኛበት ክፍል አስቀምጡት። ጨነቅ ላይ በታኅሣሥና በጥር ውጪ ውሃ ይረጋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጥታ መለኪያው ምንም እየገባ አይደለም ቢላችሁ ሽቦ መፍታት አትጀምሩ። ቡና አፍሉ። ሦስት ሰዓት ገደማ ባትሪው ሲሞቅ ራሱ መቁጠር ይጀምራል።