«ጨጓራዬ ነው» ብሎ ለመጣ ሰው፦ ሆድ፣ አጥንትና ሕመም ስንመረምር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ትሪያጅ (መጤ ታካሚ እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለይበት ቦታ) ላይ አንድ ጠዋት የቆመ ነርስ ይህን ያውቃል። ሰው ሕመሙን ብቻ ይዞ አይመጣም፣ ስሙንም አብሮ ይዞ ይመጣል። ሆዱን የያዘው «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይላል፤ ወገቧን የያዘችው «ኩላሊቴ ነው» ትላለች፤ ጉልበቱ ያበጠው ሪህ፣ እግሩን የሚጠዘጥዘው ነርቭ፣ የወደቀው ወለምታ፣ ትኩሳት ያለበት ደግሞ ታይፎይድ ነው። ታካሚው እንዲህ ማለቱ ነውር የለውም። ሰፈሩም ፋርማሲውም ያስተማረው ይህንኑ ነው። ነውሩ እኛ ስሙን ካርድ ላይ ገልብጠን፣ ሆዱን ሳንገልጥ፣ እጃችንን ሳናሳርፍ ስናሳልፈው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የዚህ ልጆች ናቸው። አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ያላችሁ ተማሪዎች በተለይ ተከተሉኝ፤ ነባሮቹም ብታነቡት አይጎዳችሁም።

ስሙን ተቀብሎ መጠየቅ ማቆም

ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ በእኛ አገር ጨጓራ ነው። አንዳንዴ እውነትም ጨጓራ ይሆናል። ግን እዚያው አካባቢ ሐሞት ከረጢት አለ፣ ቆሽት አለ፣ ጉበት አለ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ልብ አለ። ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ላብ ላብ ብሎት «ደረቴ ሥር አቃጠለኝ» ካለ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሳይነሣ የጨጓራ መድኃኒቱን ኦሜፕራዞል ይዞ ወደ ቤት መሄድ የለበትም። ውሃ ውሃ የሚለው፣ የሚያስመልሰው፣ በረጅሙና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው ወጣትም «ሆዴን» እያለ የሚመጣው ስኳሩ ከቁጥጥር ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

«የት ያምሃል?» ብቻም አይበቃም። «መጀመሪያ የት ነበር የጀመረህ?» በሉት። ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ እምብርት ዙሪያ ይጀምርና ከሰዓታት በኋላ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል። ካልጠየቃችሁት ታካሚው ራሱ አይነግራችሁም፣ እሱን የሚያስጨንቀው አሁን የሚያመው ቦታ ነውና።

ምን እንደወሰደም በስሙ እየጠራችሁ ጠይቁ። «መድኃኒት ወስደሻል?» ስትሏት «አይ፣ ምንም» ትላለች፤ ፌጦ በሎሚ ጠጥታ፣ ዳማከሴ ጨምቃ፣ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ተወግታ ነው የመጣችው። ለእሷ እነዚህ መድኃኒት አይደሉም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን ያቆስላሉ። ለጉልበታቸው ብለው ለወራት እንክብል ሲውጡ የከረሙ ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው ከመጡ የሰገራቸውን ቀለም መጠየቅ አለባችሁ። እንደ ሬንጅ ጥቁር ከሆነ እየደሙ ነው።

ታይፎይድ ላይም አንድ ነገር ልበል። የዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ወረቀት ይዞ የመጣ ሁሉ ታይፎይድ የለበትም። እውነተኛው ታይፎይድ ግን ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ሲያተኩሰው የሰነበተ ሰው ድንገት ሆዱ እንደ እንጨት ከደረቀ «የተለመደው ታይፎይዱ ነው» አይባልም።

የሴቶቹ ነገር ብቻውን ይታይ። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሆዴን ካለች፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ እርግዝና አለ ብላችሁ አስቡ። ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ጥያቄው መረሳቱ አይደለም፣ ጥያቄው እናትየው ወይም አማቷ አጠገቧ ቆመው መጠየቁ ነው። የትኛዋ ልጅ ነች እናቷ ፊት «አዎ፣ ቀርቶብኛል» የምትለው? «እናቴ፣ ልንመረምራት ስለሆነ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ይቻላል፣ ማንም አይቀየምም። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ካላስታወሰች በበዓልና በጾም አስታውሷት፦ ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ? ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላ ቤተሰብ ጋ ስትሄጂ መጥቶልሽ ነበር? ከዚያ የሽንት ምርመራ። ከማሕፀን ውጭ ያለ እርግዝና ሲፈነዳ ደሙ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ በብልት የሚታየው ጠብታ ብቻ ሊሆን ይችላል። የነጣች፣ ስትቆም የሚያዞራት፣ ትከሻዋ ጫፍ ላይ የሚያማት ሴት ወረፋ አትጠብቅም። ይህን መቶ ጊዜ ብደግመው አይሰለቸኝም።

እጅን ከጆሮ ማስቀደም

ሌላ ቦታ ላይ ማየት፣ መዳሰስ፣ ማንኳኳት፣ ማዳመጥ ብለን ተምረናል። ሆድ ላይ ተራው ይቀየራል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማንኳኳት፣ መጨረሻ ላይ መዳሰስ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከተነካካ በኋላ የአንጀቱ ድምፅ ሊለወጥ ይችላል፣ ታካሚውም ካመመው በኋላ ሆዱን ያጠነክርባችኋል። ይህን ፈተና ላይ ሁሉም ይመልሰዋል። ዋርድ ገብታችሁ እዩ ግን፣ የመጀመሪያው ነገር እጅ ነው።

ማዳመጥ የሚጀመረው ከቀኝ ታችኛው ሆድ ነው፣ እዚያ ድምፁ በደንብ ይሰማል። በደቂቃ ከ5 እስከ 30 ድምፅ የተለመደ ነው። «ድምፅ የለም» ብሎ ለመጻፍ 5 ደቂቃ ሙሉ ማዳመጥ ያስፈልጋል ይላል መጽሐፉ። ተረኛ ነርስ 5 ደቂቃ ከየት አምጥታ? ይገባኛል። እንግዲያው «ለ1 ደቂቃ አዳምጬ አልሰማሁም» ብላችሁ ጻፉ፣ ቢያንስ እውነት ነው። እና እባካችሁ ስቴቶስኮፑን ቀሚስና ሹራብ ላይ አታስቀምጡ፤ የምትሰሙት የጨርቁን ድምፅ ነው።

አተኛኘቱም ይረሳል። ታካሚው ሽንቱን ሸንቶ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ እጆቹን ጎንና ጎኑ አድርጎ። እጁን ራሱ ሥር ካደረገ የሆዱ ጡንቻ ይወጠራል። የእናንተም እጅ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ እጅ ያረፈበት ሆድ ሁሉ ደረቅ ሆድ ነው።

ሆድ ሲባል ብሽሽትም አብሮ ነው። ነውር ነው ብለን ሱሪውን ስለማናወርድ ብቻ የታነቀ ቡአ ይዘው ሌሊቱን «የሆድ ቁርጠት» ተብለው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ልጅ ወይም ጎረምሳ ድንገት ታችኛውን ሆዱን ካመመውና ካስመለሰው የዘር ፍሬውን ማየት ግድ ነው። ከተጠማዘዘ ማትረፊያው ሕመሙ ከጀመረ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ ዕድሉ እየወረደ ይሄዳል። መጋረጃ ጎትቱ፣ በአንሶላ ወይም በራሱ ጋቢ ሸፍኑት፣ ለምን እንደምታዩ ንገሩት፣ ከዚያ እዩ።

ስትዳስሱ የሚያመውን ቦታ መጨረሻ ላይ አድርጉት። መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ ጠለቅ አድርጎ። ዓይናችሁ ደግሞ እጃችሁ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ ይሁን። ተጭኖ ድንገት መልቀቅን ተማሪዎች ተራ በተራ ሲሞክሩት ታያላችሁ፣ ያ ጭካኔ ነው። ብዙ ጊዜ «እስቲ ሳል በል» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ሲስል ሆዱን ጨብጦ ፊቱን ካጨማደደ መልሱን አግኝታችኋል። ሕፃኑን ደግሞ እንዲዘል ጠይቁት፣ ትርፍ አንጀቱ የቆሰለ ልጅ አይዘልም።

የማይነካም አለ። እንደ ልብ የሚመታ እብጠት ሆድ ላይ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡና ሐኪም ጥሩ። ያበጠ ጣፊያንም በኃይል አትጫኑት፣ ሊቀደድ ይችላል። በእኛ አካባቢ ወባም ቢልሃርዝያም ስላለ ትልቅ ጣፊያ ብርቅ አይደለም። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ከግራ ጎድን ሥር መጀመር ነው። ጣፊያው በጣም ካደገ ጠርዙ እምብርትን አልፎ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይደርሳል፤ እናንተ መሃሉ ላይ ተጭናችሁ «ምንም የለም» ትላላችሁ። ከቀኝ ታች ጀምራችሁ ወደ ግራ ጎድን ውጡ።

አረጋውያን ወንዶች ታችኛው ሆዳቸው ላይ ክብ እብጠት ከተገኘ ዕጢ ከማለታችሁ በፊት ፊኛቸውን አስቡ። ሆዳቸው ተነፍቶ የመጡትን ደግሞ አየር ይወጣቸው እንደሆነ ጠይቋቸው። አባባ ያፍራሉ፣ እናንተም ታፍራላችሁ፣ ግን የአንጀት መጠማዘዝ በአገራችን የትልቁ አንጀት መዘጋት ዋነኛ ምክንያቶች ውስጥ ስለሆነ ይህቺ ጥያቄ አትቀርም።

ሕመምን በጩኸት መመዘን

የጮኸ ቀድሞ ይታያል፣ ዝም ያለ ይቀመጣል። ማርጎ ማካፈሪ የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1968 እ.ኤ.አ. ሕመም ማለት የሚያመው ሰው አመመኝ ያለው ነው ብላ ጽፋለች፣ እስካሁን ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ምጥ ላይ ያለችም «ቻል አድርጊው» ትባላለች። ሽማግሌዎችና የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ ከባድ ነገር እያለ ትንሽ ምልክት ብቻ ሊያሳዩ ይችላሉ። ዝምታን እንደ ጤና አትቁጠሩት።

«ከ10 ስንት ትሰጪዋለሽ?» የሚለውም ለሁሉም አይሠራም። ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት ቁጥሩ ግራ ያጋባቸዋል፤ ለተማረውም 10 ከ10 ጥሩ ውጤት ይመስለዋል። የለም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብላችሁ ጠይቁ። ወይም ሥራቸውን ጠይቁ፦ እንቅልፍ ይነሳዎታል? ቡና ማፍላት ይችላሉ? ከ3 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ከፈገግታ እስከ ለቅሶ የሚያሳዩትን የፊት ሥዕሎች፣ መናገር ለማይችል ሕፃን ደግሞ ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውንና መባበሉን የሚያየውን መለኪያ ተጠቀሙ።

ከገጠር የመጡና ሲዳምኛ ብቻ የሚናገሩ ታካሚ ሲሆኑ የ10 ዓመት ልጃቸውን አስተርጓሚ አታድርጉት። ልጁ ስለ ሽንትና ስለ ማሕፀን አይተረጉምም፣ ዘሎት ያልፋል። ቋንቋውን የሚናገር ባልደረባ ዋርዱ ውስጥ አይጠፋም።

ማስታገሻ ከሰጡ በኋላ ተመልሶ አለማየት ደግሞ በየቀኑ የሚሠራ ስህተት ነው። በደም ሥር ከሆነ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በአፍ ከሆነ በ1 ሰዓት ገደማ ተመልሳችሁ ጠይቁ፣ ጻፉትም። «ሰርጂኑ ሳያየው ማስታገሻ ከተሰጠ ምልክቱ ይጠፋል» የሚለው የድሮ ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። ሐኪሙን አሳውቃችሁ ትእዛዝ ተቀበሉ እንጂ ሰው እንዲሁ አይሰቃይ።

ወገብ ሁሉ ኩላሊት፣ ውጋት ሁሉ ነርቭ

በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከስፌት ማሽን ተነሥታ የምትመጣ ልጅ «ኩላሊቴን» ትላችኋለች። ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ነው የዋለችው። የመጨረሻው ጎድንና አከርካሪ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ መዳፍ አሳርፋችሁ በጡጫ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ኩላሊት ከሆነ እዚያ ያማታል፤ ትኩሳትና የሽንት ማቃጠልም ሊኖር ይችላል። ካጎነበሰች ወይም ከተጠማዘዘች ብቻ የሚያማት ከሆነ ጡንቻ ነው ወደሚለው ታዘነብላላችሁ።

ለሳምንታት የቆየ የጀርባ ሕመም ላይ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና ትኩሳት ከታከለ የአከርካሪ ቲቢን አስቡ። ልብሱን አስወልቁና ጀርባውን በጣት ወደ ታች ተከተሉ፤ የወጣ አጥንት በሹራብ ላይ አይታይም። መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ያለው ወይም ያመለጠው፣ እግሩ የከዳው ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ሪፈር ነው እንጂ የነርቭ ቫይታሚን አይደለም።

ጨርቁን ሳይፈቱ ማለፍ

ወጌሻ ያሰረውን እጅ ወይም እግር ሳይፈቱ ማሳለፍ ከሁሉም የሚያናድደኝ ስህተት ነው። ቀርከሃው ጥብቅ ብሎ ታስሯል፣ ጣቶቹ አብጠዋል፣ ቤተሰቡ ደግሞ «እንዳይነካ ተብለናል» ይላል። ወጌሻውን ስደቡ አላልኩም፣ ብትሰድቡ ቤተሰቡ ታካሚውን ይዞ ይሄዳል። «ደሙ መድረሱን ልይ» በሉና ፍቱት። እግሩ እንዳይንቀሳቀስ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ከዚያ ሕመሙን፣ ንጣቱን፣ ቅዝቃዜውን፣ መደንዘዙን፣ ጣት ማንቀሳቀስ መቻሉን፣ የደም ሥር ምቱን እዩ። ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ጣቱን እናንተ ስትዘረጉለት ከጉዳቱ በላይ የሚያስጮኸው ከሆነ ጡንቻው ውስጥ ግፊት ተፈጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል። «ምቱ አለ» ብላችሁ አትዘናጉ፣ ምት የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ እግሩ ሄዷል።

የቀረው በአጭሩ። ጤነኛውን ጎን አስቀድማችሁ እዩ፣ ያለ እሱ ማወዳደሪያ የላችሁም። መጀመሪያ ራሱ ያንቀሳቅስ፣ ከዚያ እናንተ። ከጉዳቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ መርምሩ። ጉልበቴን የሚል ልጅ ዳሌውን ይታይ፣ የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ይሰማል። ትኩሳት ኖሮት አልራመድም ያለ ሕፃን፣ ወይም አንድ መገጣጠሚያው ግሎ ያበጠ ማንም ሰው «ሪህ» ተብሎ አይሸኝ፤ መግል በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሸዋል። ከባጃጅ የወደቀውን አንገቱን ሳትደግፉ ቀና አታድርጉት፣ ተሸክመው ያመጡት ሰዎች ቀና አድርገውት ቢሆንም እንኳ።

ካርዱ ላይ ደግሞ «ሶፍት ኤንድ ኖን ቴንደር» (ለስላሳ ነው፣ ሲነካም አያምም) ብሎ ሳይነኩ መገልበጥ ይቅር። ያልነካችሁትን ሆድ «አልተመረመረም» በሉት፣ ቀጣዩ ተረኛ ይመረምረዋል። ተረኛ ስትለዋወጡም የሚያጠራጥረውን ሆድና የታሰረውን እግር ሁለታችሁም አልጋው አጠገብ ቆማችሁ አንድ ላይ ንኩት። ማታ 2 ሰዓት ላይ «ጠዋትም እንዲህ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ይኖራል።