ባልደረባችሁ ከእናንተ በላይ እንደሚከፈለው ስታውቁ፦ ሳትኮራረፉ ጭማሪ እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ሐዋሳ ውስጥ እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ደሞዝ የምንቀበለው ፔሮል ላይ ፈርመን ነበር። ገንዘብ ያዧ ከስማችን በላይና በታች ያለውን መስመር ሁሌ በማስመሪያ ትሸፍናለች። አንድ ቀን ስልኳ ጠራ። ማስመሪያውን አነሳችው። ከእኔ ስም ቀጥሎ ያለው ከመጣ ስምንት ወር የሆነው ልጅ ነበር። ሥራውን ያስለመድኩት እኔ ነኝ። የእኔ 12,000 ብር ይላል፣ የእሱ 14,500። እኔ አራት ዓመት ሠርቻለሁ።

ደሜ ፈላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ዘጋሁት። ዓርብ ዓርብ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላ ነበር፤ ሰበብ እየፈለግኩ ቀረሁ። የሆነ ሰነድ ሲጠይቀኝ «ፋይሉ ውስጥ ፈልገው» እለዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃው ላይ አስቆመኝና «እህቴ፣ ምን አጥፍቼ ነው የዘጋሽኝ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። የተሰጠውን ነው የተቀበለው። ደሞዝ የሚወስነው እሱ አይደለም።

እነዚያ ሦስት ሳምንታት እስካሁን ይቆጩኛል። ስለዚህ እናንተ በሌላ መንገድ ሂዱ።

1. ለጥቂት ቀናት ለማንም አታውሩ

ሻይ ሰዓት ላይ ለአንድ ሰው ከነገራችሁ፣ እስከ ማታ ቢሮው ሁሉ ይሰማዋል። ያኔ አለቃው «ልዩነቱ ለምን መጣ?» አይልም፤ «ማን ነው ያወራው?» ብሎ ነው የሚነሳው። ጥያቄያችሁ እዚያው ይሞታል። ሰውየውን ግን ሰላም በሉት፣ ምሳም አብራችሁ ብሉ።

2. ቁጥሩን በደንብ አንብቡ

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። አንዱ ደሞዙን ሲናገር ያልተጣራውን ይጠራል፣ ሌላው እጁ የሚገባውን። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከ14,000 በላይ ላለው 35 በመቶ ይደርሳል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ ያዋጣል።

በወረቀት አስሉት። 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 2,250፣ ጡረታው 840 ነው፤ እጁ ላይ 8,910 ይቀራል። እንግዲህ አንዱ «8,910 ነው የማገኘው» ቢል፣ ሌላው «12,000 ነኝ» ቢል፣ ሁለቱም እኩል ተከፋይ ናቸው። በሌለ ልዩነት ስንት ሰው ተቀያይሟል! የ14,500ው ደግሞ ግብሩ 3,025፣ ጡረታው 1,015 ሆኖ 10,460 ይቀረዋል። እኔና ልጁ መካከል የነበረው 2,500 ብር፣ እጅ ላይ ሲደርስ 1,550 ነው። ያም ቢሆን የሐዋሳን የቤት ኪራይ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ባንክ የገባውን ብቻ አይታችሁም አትፍረዱ። የወጪ መጋራት፣ የብድርና ቁጠባ፣ የዕድር ተቆራጭ ሊኖር ይችላል። ትርፍ ሰዓትም አለ። በሠራተኛ ሕጉ መሠረት በቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ሁለት እሑድ የገባ ሰው በዚያ ወር ቢበልጣችሁ አይግረማችሁ።

3. ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ

የትምህርት ደረጃ፣ ልምድ፣ የኃላፊነት አበል፣ የሌሊት ፈረቃ፤ እነዚህን ቶሎ ማጣራት ይቻላል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ደግሞ ስኬሉ የታወቀ ነው፤ የሥራ መደባችሁን ደረጃና እርከናችሁን አይታችሁ፣ ምደባው ላይ ስህተት ካለ ቅሬታችሁን እዚያው አቅርቡ።

የግል ድርጅት ላይ ግን እኔ ደጋግሜ ያየሁት ምክንያት ሌላ ነው። በአገራችን ለግል ዘርፍ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የለም። መነሻው የሚወሰነው በድርድር ነው። ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ኑሮው ሲወደድ፣ አዲስ የሚቀጠር ሰው የወቅቱን ዋጋ ይጠራል። ድርጅቱም ሰው ስለሚያስፈልገው ይሰጠዋል። ነባሩ ግን በድሮው ደሞዝ ላይ በዓመት ትንሽ እየተጨመረለት ይቀጥላል። ማንም ሊጎዳው አስቦ አይደለም፣ ስላልጠየቀ ነው። የእኔም ነገር ይኸው ነበር። ልጁ ሲቀጠር 16,000 ጠይቆ በ14,500 ተስማማ። እኔ በአራት ዓመት አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

4. ሕጉን የሚነካ ከሆነ ለዩት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። የእናንተ ጉዳይ እንዲህ ያለ ከመሰላችሁ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ወደዚያ፣ ከሌለ በከተማችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው የመንግሥት ቢሮ ሂዱ። አትቆዩ። ያልተከፈለ ደሞዝና ትርፍ ሰዓት በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው።

5. በጽሑፍ ጠይቁ፣ የማንንም ስም አታንሱ

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። «እገሌ ይህን ያህል እየተከፈለው» ብላችሁ አትግቡ። ልጁን ታስጠይቁታላችሁ፣ እናንተም ምቀኛ ትመስላላችሁ። የራሳችሁን ሥራ ይዛችሁ ግቡ። እኔ የጻፍኩት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፦

«ከተቀጠርኩበት ጊዜ ወዲህ የንብረት መዝገቡንና የሁለት ቅርንጫፎችን ሂሳብ ደርቤ ይዣለሁ። ሦስት አዲስ ሠራተኞችን አሠልጥኛለሁ። ለዚህ የሥራ መደብ አሁን በከተማችን የሚከፈለውን መነሻ ከግምት አስገብታችሁ ደሞዜ ወደ 15,000 ብር እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ።»

የገበያውን ዋጋ ያወቅኩት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሚለጠፉ ክፍት የሥራ ቦታዎችና ሌላ ቦታ ከሚሠሩ ጓደኞቼ ነው። የምትፈልጉትን ቁጥር ጻፉት። «አስቡልኝ» ካላችሁ ቢበዛ 300 ብር ነው የሚታሰብላችሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ ላይ ለሚጀምር ድርጅት ደብዳቤውን ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ አስገቡ፤ ነሐሴ ላይ «በጀት ተዘግቷል» ነው መልሱ። ግልባጩን አስፈርማችሁ ያዙ።

6. መልሱን በቀን እሰሩት

«እናያለን» ካሏችሁ፣ «መቼ ልመለስ?» በሉ። እንቢ ካሏችሁም «ምን ባሟላ ይስተካከልልኛል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉት። ሁለት ጊዜ ከተመላለሳችሁ በኋላ ምንም ካልመጣ፣ በኩርፊያ እዚያው ከመቀመጥ ሌላ ሥራ ማፈላለግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ለእኔ 2,000 ብር ተጨመረልኝ። ደብዳቤው እንደደረሰኝ መጀመሪያ ያሳየሁት ያንኑ ልጅ ነው። አሞራ ገደል ተቀምጠን፣ የዓሣ ሾርባው እየቀዘቀዘ፣ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አንዷን መስመር በጣቱ አሳየኝ። «በአበል መልክ» ትላለች።

«ቤዚክሽ ላይ አልገባም እኮ» አለኝ። «ጡረታሽም ትርፍ ሰዓትሽም በድሮው ነው የሚሰላው። ሰኞ ጠዋት ተመለሺ።»

ሰኞ ጠዋት ተመለስኩ።