በጋራ ጋጣ ተላላፊ የፈረስ በሽታ ሲጠረጠር፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ በሩ መከፈት

የጋሪ ፈረሶች የሚያድሩበት ግቢም ይሁን የግልቢያ ፈረሶች የሚቀመጡበት ጋጣ፣ ፈረሶቹ የየባለቤታቸው ቢሆኑም ገንዳው፣ ባልዲውና ጠባቂው የጋራ ነው። አንዱ ፈረስ ንፍጡ ወፍሮ መንጋጋው ሥር ሲያብጥ ሁሉም «ምን መርፌ ይሻለዋል?» ይላል። ከዚያ በፊት ግን «ሰሞኑን ከማን ጋር ውሃ ሲጠጣ ነበር?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መርፌ ቢረዳ አንዱን ፈረስ ነው፤ የተቀሩትን የሚያተርፋቸው ቴርሞሜትርና የተለየ ባልዲ ነው።

እዚህ የምናተኩረው ስትራንግልስ በሚባለው በሽታ ላይ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ኢኳይ የተባለ ባክቴሪያ ያመጣዋል፤ ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ይይዛል፤ በውርንጭላና በወጣት ፈረስ ላይ ይጠናል። ባክቴሪያው በአፍና በአፍንጫ ገብቶ መንጋጋ ሥርና ጉሮሮ አካባቢ ያሉ ንፍፊቶች ውስጥ ይቀመጣል። ንፍፊቶቹ ያብጣሉ፣ መግል ይቋጥራሉ፣ ኋላም ይፈነዳሉ። ፈረሱ ከተጋለጠ በኋላ ምልክት ለማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 14 ቀን ይወስድበታል። በሽታው በነፋስ ርቆ አይሄድም። የሚተላለፈው በንፍጥና በመግል፣ እንዲሁም ንፍጥና መግል በነካው ውሃ፣ እጅ፣ ልጓም፣ ገመድና ጨርቅ ነው።

አንድ ነገር በደንብ ይያዝ፦ ትኩሳቱ ከሌላው ምልክት ሁሉ ይቀድማል፤ ፈረሱ ወደ ሌሎች ማስተላለፍ የሚጀምረው ደግሞ ትኩሳቱ ከተነሣ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ነው። ትኩሳቱን በመጀመሪያው ቀን ያገኘ ሰው ፈረሱን ሌሎቹን ሳይበክል ሊለየው ይችላል። ንፍጥ እስኪታይ የጠበቀ ግን ዘግይቷል።

በመጀመሪያው ሰዓት

የታመመውን ፈረስ ከሌሎቹ ይለዩ፤ የግቢውንም በር ይዝጉ። ሐኪም ዓይቶ እስኪወስን ድረስ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ አይግባ፣ አይውጣ። እዚህ ላይ ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከድንጋጤ ነው። ባለቤቱ «የእኔ ሳይያዝ ላሽሸው» ብሎ ፈረሱን በዚያው ማታ ዘመድ ቤት ይወስደዋል። ፈረሱ ጤነኛ ቢመስልም በሽታውን ይዞ ሊሆን ይችላልና ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ሰፈር ይታመማል።

ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይደውሉ። ሲደውሉ የፈረሱን ዕድሜና የሰውነት ሙቀት፣ እብጠቱ የት እንዳለ፣ ንፍጡ ምን እንደሚመስል፣ ባለፉት 3 ሳምንታት ወደ ግቢው የገባ አዲስ እንስሳ እንዳለ ይንገሩ። ለጎረቤት ግቢዎችና ከጋጣ ጋጣ ለሚዞረው ጫማ መቺም በዚያው ቀን ይነገር። በሽታው የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ በጥንቃቄ የተያዘ ግቢ ውስጥም ይገባል። ስለዚህ «ስማችን ይጠፋል» ተብሎ የሚደበቅበት ምክንያት የለም።

ሐኪሙ እስኪመጣ ከሌሎች በሽታዎች ጋር እንዳይምታታ እነዚህን ያስተውሉ። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ካበጠ፣ ወይም ከአፍንጫው አረፋ እየወጣ በጣም ከተቸገረ፣ በተለይም ክረምቱ ወጥቶ ትንኝ በበዛበት ሰሞን ከሆነ፣ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ለነገ አይባልም። በእግር፣ በደረት ወይም በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ በተርታ የተደረደሩ እብጠቶች ፈንድተው ቁስል ከሆኑ፣ በጋሪ ፈረሶቻችን ላይ በብዛት የሚታየውና በፈንገስ የሚመጣው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። አፍንጫው ውስጥ ቁስል ካለ በባዶ እጅ አይንኩት፤ ግላንደርስ የሚባለው በሽታ ወደ ሰው ይሻገራል። መዋጥ ያቃተውና ለሃጩ የሚዝረከረክ ፈረስ አፍ ውስጥም እጅዎን አያስገቡ። «ጉሮሮው አብጦ ነው» የተባለው የእብድ ውሻ በሽታ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሙቀት አለካክ

ለዚህ ሥራ ከፋርማሲ የሚገዛ ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። ጫፉ ላይ ክር ይሰሩና በክሩ ሌላ ጫፍ የልብስ መቆንጠጫ ያድርጉ፤ ሲለኩ መቆንጠጫው የጭራውን ፀጉር ይይዛል፤ ፈረሱ ቢንቀሳቀስም ቴርሞሜትሩ አይወድቅም፣ ወደ ውስጥም አይገባም።

አንድ ሰው የፈረሱን ራስ ይያዝ። እርስዎ ከፊት ተነሥተው ጎኑን እየዳበሱ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ከኋላው ሳይሆን ከታፋው ጎን ተጠግተው ይቁሙ። ጭራውን ወደ ጎን ገለል አድርገው ቫዝሊን የተቀባውን ቴርሞሜትር ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ፊንጢጣው ያስገቡና ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለው ግድግዳውን ያስነኩት። ፋንድያ መሐል ከተሰካ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል፤ ብዙ የተሳሳተ ልኬት የሚመጣው ከዚህ ነው። ድምፅ ሲያሰማ ያውጡ፣ ያንብቡ፣ በአልኮል ይጥረጉ፣ ወዲያው ይጻፉ።

የጤነኛ ትልቅ ፈረስ ሙቀት በአብዛኛው ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ38.5 ካለፈ እንደ በሽተኛ ይለያል። በቀን ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ደግሞ ካረፈ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ጋሪ ሲጎትት ወይም ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ፈረስ ሳይታመምም ይግላል። ውጤቱ በአንድ ደብተር፣ ለእያንዳንዱ ፈረስ በተለየ ገጽ ይጻፍ። ዘወትር 37.6 የሚሆን ፈረስ ድንገት 38.4 ቢሆን ገና ወሰኑን ባያልፍም ዓይን ይጣልበት።

ሦስት ቦታ መክፈል

ቀይ፦ ትኩሳት፣ ንፍጥ ወይም እብጠት ያላቸው። ቢጫ፦ ጤነኛ መስለው ነገር ግን ከታመመው ጋር ገንዳ፣ ግርግም ወይም ዕቃ የተጋሩ፣ አጠገቡም የታሰሩ። አረንጓዴ፦ ምንም ንክኪ ያልነበራቸው። በየባልዲው፣ በየአካፋውና በየገመዱ ላይ ቀለም ይቀቡ ወይም የዚያን ቀለም ጨርቅ ይሰሩ፤ ማታ በጨለማ የሚመጣ ጠባቂ «የማን ነው?» ብሎ መገመት የለበትም።

ቀዮቹ ከሌሎቹ ቢያንስ 10 ሜትር ርቀው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ በማይገናኙበት ይቁሙ። ዝናብ ሲዘንብ የእነሱ ፍሳሽ ወደ ሌሎቹ የሚወርድበት ተዳፋት ላይ መሆን የለባቸውም። ቦታ ከጠበበ የግቢው አንድ ጥግ በቆርቆሮ ወይም በድርብ አጥር ይከለል። በቢጫዎቹ መካከል አንዱ እንኳ ሙቀቱ ከጨመረ በዚያው ሰዓት ወደ ቀይ ይሻገራል። ወደ አረንጓዴ የሚመለስ ግን የለም፤ ግቢው በሙሉ እስኪነጻ ቢጫ ሆኖ ይቆያል። አህዮችን አይርሱ፤ አህያ ሕመሟን ስለማታሳይ ጥግ ላይ ተረስታ በሽታውን ስታዞር ትቆያለች።

ሥራው ሁልጊዜ ከአረንጓዴ ተጀምሮ በቢጫ አልፎ በቀይ ያልቃል። ከተቻለ ቀዮቹን የሚያየው ሰው ሌላ ፈረስ አይንካ። ካልተቻለ ለቀዩ ጥግ የተለየ ካፖርትና ቦት ጫማ እዚያው ይቀመጥ፤ ሲወጣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠብ፣ ጫማውንም በብሩሽ ፈትጎ በበረኪና ውሃ ይንከር።

የጋራ ገንዳው በመጀመሪያው ቀን ይደፋ። ባክቴሪያው ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ አንድ ፈረስ አፍንጫውን ነክሮ የጠጣበትን ሌሎቹ ሁሉ ይጠጡታል። ለየፈረሱ አንድ ባልዲ ይመደብ። ውሃ ሲቀዱ የጎማው ወይም የጀሪካኑ አፍ ባልዲውን አይንካ፤ ከፍ ተደርጎ ይፍሰስ። ባልዲዎቹ በትክክል ተለይተው ሳለ ከአንዱ ወደ አንዱ በሚነከር ጎማ ምክንያት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሥራ ደግሞ፦ የቀይም የቢጫም ፈረስ አይሥራ። ትኩሳት ያለበትን ፈረስ ጋሪ ማስጎተት ሕመሙን ያከፋበታል፤ ቢጫው ደግሞ በየመንገዱ ያዳርሳል። አረንጓዴዎቹም ቢቆሙ ትክክል ነው። የባለጋሪው የዕለት እንጀራ ከፈረሱ መሆኑ ግልጽ ነውና ይህ ጨርሶ የማይቻል ከሆነ፣ ቢያንስ በዚያው ጠዋት የተለካና ሙቀቱ ትክክል የሆነ አረንጓዴ ፈረስ ብቻ ይውጣ፤ የራሱን ባልዲ ይያዝ፣ ከሌላ ፈረስ ጋር አይቁም፣ ከመንገድ ገንዳ አይጠጣ። የግቢው ሰዎች ሥራ ለቆመበት ባለቤት የመኖ ወጪ ቢያዋጡለት ፈረሱን ደብቆ ከማውጣት ይድናል።

ጽዳት

በረኪና ፋንድያና ጭቃ ላይ ቢደፉት ኃይሉ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠረጋል፣ ቀጥሎ በኦሞና በብሩሽ ይፈተጋል፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ ከዚህ በኋላ ነው በረኪና የሚመጣው። 1 ሊትር የቤት በረኪና በ9 ሊትር ውሃ ይበጥብጡ፤ ዕቃው ረጥቦ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በደንብ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይሁን። ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። የብረት ልጓም ስለሚዝግ ብዙ አይዘፍዝፉት። ቆዳ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ይመታው። መግል የጠጣ የቃጫ ገመድና ጨርቅ ለማጽዳት ከመሞከር ማቃጠል ይሻላል።

የአፈር ወለል በመድኃኒት አይጸዳም፤ ላዩ ተፍቆ ይነሣና ለፀሐይ ይከፈት። ፀሐይና ድርቀት ባክቴሪያውን ቶሎ ይጎዱታል፤ እርጥብ ጥላ ግን ያቆየዋል። ከቀዩ ጥግ የወጣ ፋንድያና ጭድ ለብቻው ተከምሮ ይሸፈን፤ ፈረሶች የሚግጡበት መስክ ላይ አይበተን።

የታመመውን መንከባከብ

ጉሮሮው ስለሚያመው ደረቅ ጭድ አይወርድለትም። ፍሩሽካ ለብ ባለ ውሃ አርጥበው፣ ለምለም ሣርም ቆርጠው መሬት ላይ ያቅርቡለት፤ አቀርቅሮ ሲበላ ንፍጡ ወደ ውጭ ይፈስሳል። የተረፈው ለሌላ አይሰጥ።

እብጠቱ ላይ፣ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ሞቅ ያለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል በቀን ሁለት ሦስቴ ይያዝለት። ጠንካራ ሳለ መጭመቅም መብጣትም ሥቃይ ብቻ ነው፤ መሐሉ እስኪለሰልስ ይጠበቅ። መቅደድ ካስፈለገ ሐኪም ይቅደደው፤ በዚያ አካባቢ ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ። ሲፈነዳ መግሉን መሬት ላይ ሳያንጠባጥቡ በጨርቅ ተቀብለው ያቃጥሉ። ቁስሉንም ሐኪሙ ባዘዘው ማጠቢያ መግሉ እስኪቆም ይጠቡ።

ፔኒሲሊን ይህን ባክቴሪያ ይገድላል። ሆኖም መግል የቋጠረ እብጠት ውስጥ በቂ መጠን አይደርስም፤ እብጠቱ እንዳይበስል ሊያጓትተውም ይችላል። ግቢውን በሙሉ «ለመከላከል» መውጋት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፦ መድኃኒቱ ሲያልቅ ፈረሱ የራሱን መከላከያ ሳያዳብር በተበከለ ግቢ ውስጥ ይቀራል። መቼ እንደሚሰጥ ሐኪሙ ይወስን። ሲተነፍስ የሚያንኮራፋ ወይም አንገቱን ዘርግቶ አየር የሚፈልግ ፈረስ ግን ድንገተኛ ነው፤ እብጠቱ የአየር ቧንቧውን እየዘጋው ነው። ካገገመ ከሳምንታት በኋላ እግሮቹና ፊቱ አብጠው ድዱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ቢታይም በዚያው ቀን ሐኪም ይጠራ።

በሩ መቼ ይከፈት?

እብጠቱ ደርቆ በደስታ የሚበላ ፈረስ ነጻ ወጥቷል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ካገገሙ በኋላም ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ያስተላልፋሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ከጉሮሮ በላይ ባለው ከረጢት ውስጥ የደረቀ መግል ይዘው፣ ምንም ሳይታመሙ ለወራት አልፎም ለዓመታት ባክቴሪያውን ይለቃሉ። ምርመራ ከተገኘ፣ ሐኪሙ ፈረሱ ካገገመ ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ ከዚህ ከረጢት እጣቢ ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ይህ ካልተቻለ የመጨረሻው ፈረስ ንፍጡና መግሉ ከደረቀበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ሳምንት ይቆጠር።

ከዚያ በኋላ ከገበያ የተገዛ፣ ከገጠር የመጣ ወይም በውሰት የገባ ፈረስ ሁሉ በራሱ ባልዲና ገመድ ለ3 ሳምንት ለብቻው ይሁን፤ ጠዋትና ማታም ሙቀቱ ይለካ። ቀይ ቀለም የተቀባችው ባልዲ ለዚሁ ትቀመጥ።