ለፍለጋ ሰርቨር ክላየንት ላይብረሪ እንዴት እንምረጥ?

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ ሆኖ የመጻሕፍት ካታሎግ፣ የመዝገብ ቤት ማኅደር ወይም የንግድ ዕቃ ዝርዝር የሚፈለግበት አፕሊኬሽን የሚሠራ ባለሙያ፣ መረጃው እየበዛ ሲሄድ በዳታቤዝ ብቻ ጽሑፍ መፈለግ እንደማያዘልቀው ይረዳና እንደ አፓቺ ሶልር፣ ኢላስቲክሰርች ወይም ኦፕንሰርች ያለ የፍለጋ ሰርቨር ይተክላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔ አፕሊኬሽኑን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ክላየንት ላይብረሪ የትኛው ይሁን የሚለው ነው። ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይሰጣል፤ ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ የተገኘው ላይብረሪ ይወርድና ሥራው ይቀጥላል። እኔ የማምነው ግን ላይብረሪ በዝናው መመረጥ እንደሌለበት ነው። መጀመሪያ ከተከልነው ሰርቨር ስሪት ጋር መስማማቱ፣ ቀጥሎም የእኛን ፊደልና የእኛን የኔትወርክ መስመር መቻሉ ተፈትኖ ነው መመረጥ ያለበት።

ነገሩ እንዲጨበጥ በወሎ የሚገኙ ጽሑፎችን የሚመዘግብ ካታሎግ እንሠራለን እንበል። በካታሎጉ ውስጥ የግዕዝ ብራናዎች፣ በዐረብ ፊደል በአማርኛ የተጻፉ የዐጀም መንዙማዎች፣ እንዲሁም በዘመናችን የታተሙ የአማርኛ መጻሕፍት አሉ። ፈላጊው ከስልኩም ከኮምፒውተሩም ይገባል፤ የቦታ ስሞችን አንዱ «ወልድያ»፣ ሌላው «ወልዲያ» ብሎ ይጽፋል።

ላይብረሪው በእርግጥ ያስፈልገናል ወይ?

ሶልርም ኢላስቲክሰርችም የሚነጋገሩት ድረ ገጾች በሚላላኩበት ደንብ በኤችቲቲፒ ነው፤ ጥያቄ ይቀበላሉ፣ መልሱን ጄሰን በሚባለው የጽሑፍ ቅርጽ ይመልሳሉ። ሶልር ካልተቀየረ በቀር በፖርት (በመገናኛ በር ቁጥር) 8983፣ ኢላስቲክሰርች ደግሞ በፖርት 9200 ይጠብቃሉ። ስለዚህ ማንኛውንም ላይብረሪ ከመጫናችን በፊት ከርል በሚባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ወይም በብራውዘር ሁለት ሦስት ጥያቄ ልከን የመልሱን ቅርጽ በዓይናችን ብናይ፣ በኋላ ላይብረሪው የሚደብቀውና የሚያሳየው ምን እንደሆነ ለመለየት እንችላለን። አፕሊኬሽናችን አንድ የፍለጋ ሳጥን ብቻ ያለው ከሆነ የፕሮግራሚንግ ቋንቋው የራሱ የኤችቲቲፒ መሣሪያ ሊበቃን ይችላል። ላይብረሪ ዋጋ የሚኖረው የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን ደጋግሞ ሲጠቀም፣ የጥበቃ ጊዜን (መልስ እስኪመጣ የሚጠበቀውን) ሲቆጣጠር፣ አደናጋሪ ምልክቶችን ሲያስተካክል፣ ሰነዶችን በጥቅል ሲልክና ሰርቨሮቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ የትኛው በሕይወት እንዳለ ሲያውቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ከምርጫው በፊት ይወሰን፦ ብራውዘር ላይ የሚሮጥ ጃቫስክሪፕት ከሶልር ጋር በቀጥታ መገናኘት የለበትም። መፈለግ የቻለ ሁሉ ማጥፋትም እንዳይችል ጥያቄው በራሳችን የሰርቨር ኮድ በኩል ይለፍ። ስለዚህ የምንመርጠው ላይብረሪ የሰርቨር ኮዳችን በተጻፈበት ቋንቋ የተሠራ ይሆናል።

ከሰርቨሩና ከስሪቱ መነሳት

በጃቫ ለሚሠራና ሶልርን ለተከለ ሰው ምርጫው ቀላል ነው፤ ሶልርጄ የሚባለው ላይብረሪ ከራሱ ከሶልር ፕሮጀክት ጋር አብሮ የሚወጣ ነው። መልሱን ከጄሰን ይልቅ በተጠቀጠቀ ባይነሪ ቅርጽ ይቀበላል፤ ሶልር በብዙ ማሽን ላይ በሚሠራበት ጊዜም የሰርቨሮቹን ሁኔታ፣ እነሱን ከሚያስተባብረው ከዙኪፐር ፕሮግራም አንብቦ እያንዳንዱን ሰነድ የሚመለከተው ማሽን ዘንድ በቀጥታ ያደርሳል። በሌሎች ቋንቋዎች ያሉት፣ ማለትም የፒኤችፒው ሶላሪየም፣ የፓይተኑ ፓይሶልር፣ የሩቢው አርሶልርና የዶትኔቱ ሶልርኔት፣ ከፕሮጀክቱ ውጭ ባሉ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች የሚጠበቁ ናቸው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሆኖም የመጨረሻው ስሪት መቼ እንደወጣ፣ የቀረቡ ችግሮች መልስ እያገኙ መሆናቸውንና በየትኛው የሶልር ስሪት እንደተፈተነ መመልከት የእኛ ኃላፊነት ይሆናል።

በኢላስቲክሰርች በኩል ጥንቃቄው ይበልጣል። ቀድሞ የጃቫ ፕሮግራመሮች በፖርት 9300 የሚገናኝ ትራንስፖርት ክላየንት ይጠቀሙ ነበር፤ በስሪት 7 ሊቀር መሆኑ ተነገረ፣ በስሪት 8 ተወገደ። እሱን የተካው ላይብረሪም በስሪት 7.15 ተራውን «ተጠቃሚዎች ወደ አዲሱ ይሸጋገሩ» ተብሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ኢላስቲክሰርች የፈቃድ ሁኔታውን ሲቀይር አማዞን ኦፕንሰርች የሚባለውን ቅርንጫፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ከስሪት 7.14 ጀምሮ የኢላስቲክሰርች ላይብረሪዎች የሚገናኙት ሰርቨር እውነተኛው ኢላስቲክሰርች መሆኑን እያጣሩ፣ ካልሆነ ሥራ ማቆም ጀመሩ። በመሆኑም ሁለቱ ሰርቨሮች ከአንድ ግንድ ስለወጡ ብቻ የአንዱ ላይብረሪ ለሌላው ይሠራል ብሎ መገመት አይገባም። ኦፕንሰርችን የተከለ ሰው የኦፕንሰርችን ላይብረሪ ይውሰድ፤ ኢላስቲክሰርችን የተከለ ደግሞ ከሰርቨሩ ስሪት የማይበልጥ፣ ዋና የስሪት ቁጥሩ ከሰርቨሩ ጋር ተመሳሳይ የሆነ ላይብረሪ ይምረጥ፤ ቁጥሩንም በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጥ።

ፊደላችን የሚያመጣው ፈተና

ብዙ መመሪያዎች ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለተጻፉ የሚያልፉት ይህን ክፍል ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው።

ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በዩአርኤል ውስጥ ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ስለሚወከል አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። «ደሴ» ብቻውን 18 ምልክት ነው ማለት ነው። ሶልር በውስጡ የያዘው ጄቲ የተባለው የዌብ ሰርቨር ካልተስተካከለ በቀር የጥያቄውን ራስጌ በ8192 ባይት ይገድባል፤ ስለዚህ በዩአርኤል የሚላክ የአማርኛ ጥያቄ 900 ፊደል ገደማ ሳይደርስ ይሰናከላል። «ከእነዚህ ወረዳዎችና ቀበሌዎች የተገኙትን ብቻ አሳየኝ» የሚል ማጣሪያ ረጅም የቦታ ዝርዝር ሲይዝ እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። መፍትሔው ጥያቄውን በፖስት፣ ማለትም በዩአርኤሉ ሳይሆን በመልእክቱ አካል ውስጥ አድርጎ መላክ ነው። ፓይሶልር ጥያቄው ሲረዝም ራሱ ወደ ፖስት ይቀይራል፤ በሶላሪየም ለዚሁ የተዘጋጀ ተጨማሪ አለ፤ በሶልርጄ ደግሞ ፕሮግራመሩ ጥያቄውን ሲልክ ፖስት ብሎ ይመርጣል። የምናጤነው ላይብረሪ ይህን መንገድ የማይሰጥ ከሆነ ለአማርኛ አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥርዓተ ነጥብ ነው። እኛ «ወ/ሮ»፣ «ት/ቤት»፣ «ዶ/ር» እያልን በዕዝባር እናሳጥራለን። ሶልርና ኢላስቲክሰርች የተመሠረቱበት ሉሲን የተባለው የፍለጋ ላይብረሪ ግን ከስሪት 4 ጀምሮ ዕዝባርን የሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የቃል ቅርጽን በምልክት የሚገልጽ አጻጻፍ) መክፈቻ አድርጎ ይወስደዋል፤ በመሆኑም ተጠቃሚው «ወ/ሮ» ብሎ ሲፈልግ መደበኛው የጥያቄ አንባቢ መዝጊያውን ዕዝባር ያጣና ስህተት ይመልሳል። እንደዚሁም ብዙ ሰው በኪቦርድ ሲጽፍ በአማርኛው ሁለት ነጥብ ፋንታ የላቲኑን ይጠቀማል፤ «ሐይቅ:እስጢፋኖስ» ተብሎ ሲጻፍ ሰርቨሩ «ሐይቅ በሚባል ፊልድ (የመረጃ ክፍል) ውስጥ እስጢፋኖስን ፈልግ» ተብሎ የታዘዘ ይመስለዋል። እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ከመላካቸው በፊት የሚያስተካክል ፈንክሽን በላይብረሪው ውስጥ መኖሩን እንመልከት፤ በሶልርጄና በሶላሪየም አለ። በሌለበት ራሳችን እንጽፈዋለን፤ ኢላስቲክሰርች ላይ ደግሞ የሰውን ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ከሚያነበው «ኩዌሪ ስትሪንግ» ይልቅ እንዳለ የሚወስደውን «ማች» የተባለውን የጥያቄ ዓይነት መጠቀም ይሻላል።

ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ «ሐይቅ» እና «ሃይቅ» አንድ ውጤት እንዲሰጡ እንፈልጋለን። ይህን ከክላየንት ላይብረሪ መጠበቅ ግን ትክክል አይመስለኝም። በላይብረሪው በኩል ቢሠራ በፒኤችፒ ለተጻፈው ድረ ገጽ አንድ ጊዜ፣ ለስልኩ አፕሊኬሽን ሌላ ጊዜ ይጻፋል፤ ሁለቱ በአንዲት ፊደል ሲለያዩም ውጤቱ ይለያያል። ቦታው ሰርቨሩ ነው፦ ፊደል በፊደል የሚተካው ማጣሪያ ሰነዱ ሲገባም ጥያቄው ሲመጣም በእኩል እንዲሠራ እዚያ ይዋቀራል። «ወልድያ» እና «ወልዲያ»ም በዚያው በሰርቨሩ የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ይስማማሉ።

ቀንን በተመለከተ ሶልር የሚያስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠርና ዩቲሲ በሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት ሲሆን፣ የእኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድመዋል። በመሆኑም ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የገባ መዝገብ በቀን ሲቆጠር የትናንት ሆኖ ይታያል። ሶልር የሰዓት ክልሉን በጥያቄው ውስጥ እንድንነግረው የሚያስችል ፓራሜትር አለው፤ ላይብረሪው እሱ ራሱ የማያውቀውን ፓራሜትር ሳይቆርጥ የሚያሳልፍ መሆኑን በዚህ መፈተን ይቻላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈው ቀን ለብቻው እንደ ጽሑፍ ቢቀመጥ ለካታሎጉ ታማኝነት ይበጃል።

መስመር ሲቋረጥ

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ላይብረሪ የሚለካው ሰርቨሩ መልስ ሲያጣ በሚያደርገው ነው። ለመገናኘት የሚጠብቀውና መልስ ለማንበብ የሚጠብቀው ጊዜ ለየብቻ የሚወሰኑ ቢሆኑ ይመረጣል። ፓይሶልር ካልነገሩት 60 ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ለፍለጋ ሳጥን ይህ እጅግ ረጅም ስለሆነ ማሳጠር ይገባል፤ ብዙ ሰነድ በሚጫንበት ሥራ ግን ሊያስፈልግ ይችላል። ላይብረሪው ያልተሳካን ጥያቄ በራሱ የሚደግም ከሆነ መድገሙ ጉዳት እንዳያመጣ ለእያንዳንዱ ሰነድ መለያ ቁጥሩን እኛው እንስጠው። ሶልር አንድ መለያ ያለው ሰነድ ሁለት ጊዜ ቢደርሰው የኋለኛው የፊተኛውን ይተካል፤ መለያው በሰርቨሩ እንዲፈጠር ከተተወ ግን አንዱ ብራና ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ሰነዶቹንም በመቶዎች እያጠቃለሉ መላክና ከእያንዳንዱ ሰነድ በኋላ «ኮሚት» (የገባውን አጽድቀህ ለፍለጋ አቅርብ) አለማለት ሰርቨሩንም መስመሩንም ያሳርፋል።

ጃንጎና ላራቬል በሚባሉት የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች ውስጥ የፍለጋ ማገናኛ የሆኑትን፣ በጃንጎ ሄይስታክን፣ በላራቬል ስካውትን የሚጠቀሙ ሰዎች ከላይብረሪው በላይ ሌላ ሽፋን እንደጨመሩ ይወቁ። ለቀላል ፍለጋ ያፋጥናሉ፤ ፖስትን፣ የሰዓት ክልልን ወይም የጥበቃ ጊዜን ማስተካከል ሲያስፈልግ ግን ሽፋኑ ያንን ያሳልፍ እንደሆነ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ምርጫውን መጨረስ

ሁለት ላይብረሪ ይቅረብና ለሁለቱም አንድ ትንሽ ፈተና ይጻፍ። ፈተናው በካታሎጉ ውስጥ ካለው እውነተኛ ጽሑፍ ይውሰድ፦ የግዕዝ ርእስ አስገብቶ ሳይበላሽ መመለሱን፣ የዐጀም ስንኝ በፊደሉ መገኘቱን፣ «ወ/ሮ» የሚል ፍለጋ ስህተት አለማምጣቱን፣ ረጅም የቀበሌ ዝርዝር ያለው ማጣሪያ ማለፉን ይመልከት። ከዚያ ሰነድ እየተጫነ ሳለ ሰርቨሩን ሆን ብለን እናጥፋው፤ ላይብረሪው የሚመልሰው ስህተት የትኛው ጥቅል እንደቀረ ያስረዳ እንደሆነና ሰርቨሩ ሲነሳ አፕሊኬሽኑን ዳግም ሳንከፍት ግንኙነቱ ይቀጥል እንደሆነ እንይ። በፍጥነት የሚኖራቸው ልዩነት ከእነዚህ ነጥቦች በኋላ የሚታይ ነው።

የተመረጠው ላይብረሪ በየገጹ በቀጥታ ከሚጠራ ይልቅ «ፈልግ»፣ «አስገባ»፣ «አጥፋ» የሚሉ የራሳችን ፈንክሽኖች ባሉበት አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ነገ ሌላ ላይብረሪ ቢያስፈልግ የሚለወጠው ያ ፋይል ብቻ ይሆናል። የፈተናው ኮድም ከፕሮጀክቱ ጋር ይቆይ። የሰርቨሩን ስሪት ከማሳደጋችን በፊት በሙከራ ማሽን ላይ ይሮጥ፤ ካላለፈ ሰርቨሩም ላይብረሪውም በነበሩበት ስሪት ይቆዩ።