ለበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ ሌላ አገር ገጠር የሚሄድ የግብርና ባለሙያ ጊዜውን እንዴት ይጠቀምበት?

የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ርዝመት እንደ ላኪው ፕሮግራም ይለያያል። በ1985 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመው የአሜሪካ «ከገበሬ ለገበሬ» ፕሮግራም ባለሙያዎችን ይልክ የነበረው በአብዛኛው ለጥቂት ሳምንታት ሲሆን፣ የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ ድርጅት የሆነው የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አገልግሎት ግን ሥልጠናውን ጨምሮ 27 ወራት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ግብዣውን ከመቀበልዎ በፊት ቢጋሩን፣ ማለትም የሚጠበቅብዎትን ሥራ የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ በጥንቃቄ ያንብቡ። «የአካባቢውን ምርታማነት ማሳደግ» የሚል ቢጋር በሦስት ሳምንት የሚሠራ ነገር አይነግርዎትም፤ «የማኅበሩ አባላት የሚያዘጋጁት ኮምፖስት ለምን እንደማይበስል መርምሮ ማስተካከል» የሚለው ግን ሥራ ነው። የጉዞው ጊዜም ከእርሻው ወቅት ጋር ይገናዘብ፤ በአጨዳ ሰሞን ለሥልጠና የሚመጣ ገበሬ አይገኝም።

ዘርም ሆነ ችግኝ ይዘው አይሂዱ፣ የጫማዎንም አፈር አጥበው ይነሱ። ሕጉ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ስለሚጠይቅ ብቻ አይደለም፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ አካባቢዎች የተተከለው ፕሮሶፒስ ዛሬ የግጦሽ መሬት የሚያሳጣ ወራሪ ዛፍ ሆኗል። በቅን ልብ የተሠራ ስህተት ለመንቀል እጅግ ከባድ ነው።

እንደደረሱ ወዲያው ማስተማር አይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከአካባቢው የልማት ሠራተኛና ከአስተርጓሚ ጋር ማሳ ለማሳ በመዞር ያሳልፉ፤ ጎርፉ ከየት እንደሚነሳና የትኛው ዛፍ ለምን እንደተተወ ይጠይቁ፤ ወንዶች ባሉበት የማይናገሩ ሴቶች ካሉም ለብቻቸው ያነጋግሩ። አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ በኒጀር ያስተከላቸው ችግኞች አብዛኞቹ ሲደርቁበት፣ ቁጥቋጦ የመሰለው ነገር ሥሩ ያልሞተ የዛፍ ጉቶ መሆኑን ያስተዋለው በ1983 እ.ኤ.አ. ነበር። ገበሬዎቹ ከጉቶው የሚያቆጠቁጡትን ቅርንጫፎች መርጠው እየገረዙ በመንከባከባቸው፣ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ ለበሰ። መፍትሔው ከችግኝ ጣቢያ ሳይሆን እዚያው ከማሳው ነው የተገኘው።

የሚያሳዩት መሣሪያም እርስዎ ከሄዱ በኋላ በአካባቢው ሊሠራ የሚችል ይሁን። በተዳፋት ላይ የእርከን መስመር ለመቀየስ የሚያገለግለውን፣ የ«A» ፊደል ቅርጽ ያለውን ኤ-ፍሬም እንውሰድ። 2 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን ሁለት እንጨቶች የላይ ጫፋቸውን አንድ ላይ አሥረው እግራቸውን ይክፈቱ፤ መሐላቸው ላይ አግዳሚ እንጨት ያስሩና ከላይ ድንጋይ የታሠረበትን ገመድ እንደ ቱንቢ ያንጠልጥሉ። እግሮቹ ያረፉበትን ቦታ በችካል፣ ገመዱ አግዳሚውን የነካበትን ደግሞ በምልክት ይያዙ፤ ከዚያ እግሮቹን በየችካሉ አቀያይረው ሁለተኛ ምልክት ያድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሐል የውሃ ልክዎ ነው። ገመዱ እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ በየእርምጃው ችካል እየተከሉ ተዳፋቱን ያቋርጡ። እርስዎ አንድ ጊዜ ካሳዩ በኋላ መሣሪያውን ለገበሬዎቹ ይተዉላቸውና ሁለተኛውን መስመር ራሳቸው ይቀይሱ፤ የሚሳሳቱበትን ቦታ ማየት ከንግግር ይልቅ ብዙ ያስተምርዎታል።

ምክርዎን ከሦስት ወይም ከአራት ነጥብ አያስበልጡ፤ እያንዳንዱን ማን፣ መቼ፣ በምን ወጪ እንደሚያከናውነው ከልማት ሠራተኛው ጋር ተስማምተው በአካባቢው ቋንቋ ያስጽፉት። ለላኪው ድርጅት የሚያቀርቡት ሪፖርት ከዚህ በኋላ ይደርሳል።